ማዳመጥን ለብቻው እናስተምር? የሁለት መምህራን ክርክር

የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍታችን ማዳመጥን ከመናገር፣ ከማንበብና ከመጻፍ እኩል ያስቀምጡታል። ክፍል ውስጥ ግን ቶሎ የሚዘለለው እሱ ነው። ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ማዳመጥ በአንደኛ ደረጃ የራሱ ጊዜ ተሰጥቶት ሊማር፣ ማርክም ሊያዝበት ይገባል። የምትደግፈው የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ናት። የሚቃወሙት በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩ አንጋፋ መምህር ናቸው።

መምህርቷ፦

ጋሼ፣ ከክፍሌ ልጀምር። 5ኛ ክፍል ነው። ስለ ንብ እርባታ አጭር ምንባብ አነበብኩላቸው። በምንባቡ ውስጥ ንቦቹ ቀፎውን ጥለው የሄዱት ጎረቤት ከሰል ሲያከስል ጭሱ ስለገባባቸው ነው። ስጨርስ «ንቦቹ ለምን ሄዱ?» ብዬ ጠየቅኩ። እጅ በእጅ ሆነ። «ማራቸው ስለተቆረጠ!» አለ አንዱ። ሌላዋም ደገመችው። ግማሹ ክፍል ተስማማ። ስለ ማር መቆረጥ ግን ምንባቡ አንድም ቃል አይልም። ልጆቹ ንብ ሲባል ሰሙና የቀረውን ከራሳቸው ሞሉት።

እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ረባሾችም አይደሉም። የተባለውን ከሚያውቁት ለይተው እንዲይዙ ያስተማራቸው ሰው የለም፣ በቃ። እንዴትስ ይኖራል? የማዳመጥ ምንባቡ የሚገኘው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው። መምሪያው ከሌለ ትምህርቱም የለም። መምሪያው ቢኖርም «ሚኒስትሪ ላይ አይመጣም» ተብሎ በቀጥታ ወደ አንብቦ መረዳት ይኬዳል። ካልተዘለለም አንድ ጊዜ ይነበባል፣ ጥያቄ ይጠየቃል፣ ሦስት ጎበዞች ይመልሳሉ፣ አለቀ። ይሄ መጠየቅ ነው እንጂ ማስተማር አይደለም።

እኔ የማደርገውን ልንገርዎት። ርዕሱን እነግራቸውና እንዲገምቱ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ሳነብ እስክሪብቶ የሚነካ የለም። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ አጠገቡ ላለው የሰማውን ይነግራል። ሁልጊዜ ይለያያሉ። «ጭስ ነው ያለችው!» «ኧረ አይደለም!» ይባባላሉ። ሁለተኛ ሳነብ የተለያዩበትን ቦታ እየጠበቁ ነው የሚሰሙት። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ያለው ጸጥታ እኔ በቁጣ የማመጣው ዓይነት አይደለም። ለዚህ ሥራ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል።

መምህሩ፦

እህቴ፣ የንቡን ነገር ወደድኩት። እኔ የማይበት ግን ሌላ ነው። የከተማ ልጆች ከሰል ሲከሰል የት አይተው ያውቃሉ? ጭስ ንብን እንደሚያባርር ማን ነገራቸው? ማር እንደሚቆረጥ ግን ሁሉም ሰምቷል። ስለዚህ የሚያውቁትን ያዙ፣ የማያውቁት አለፋቸው። ያነሳቸው እውቀትና ቃላት ነው። በሳምንት ያገኘሽውን አንድ ክፍለ ጊዜ ሳይንስ ብታስተምሪያቸው የሚቀጥለውን ምንባብ በደንብ ይሰሙልሽ ነበር።

ይህን የምለው ስላየሁ ነው። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሲገባ ፊዚክስ በቴሌቪዥን፣ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ጀመር። ከ40 ደቂቃው ብዙውን የሚወስደው ስክሪኑ ነበር። ልጆቹ ሳይነቃነቁ ያዳምጡ ነበር። ሲያልቅ ዞሬ ብጠይቅ የሚመልስ የለም። የጎደላቸው የማዳመጥ ልምምድ አልነበረም። እንግሊዝኛው ነው። ፍጥነቱም አለበት።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ፊደል ያልያዘ ልጅ ባለበት አገር ከንባብ ላይ ጊዜ መቀነስ አይቆጭሽም?

ደግሞ የሚዳመጠው የት ሆኖ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ክፍል ውስጥ የሚሰማው የጀርባ ጫጫታ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። እኛ ጋ ከ60 የሚበልጡ ልጆች፣ መስታወቱ የረገፈ መስኮት፣ ውጭ የታክሲ ጥሩምባ። በሰኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው መምህሩም ማስተማሩን ያቆማል። ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ «አይሰማም፣ ፈዛዛ ነው» ይባላል። መጀመሪያ ጣሪያውና ጆሮው ይታከሙ።

ከሁሉ የምፈራው ግን ማርኩን ነው። እጁን አጣምሮ ዝም ያለ ልጅ ሙሉ ማርክ ያገኛል። «ለምን?» የሚለው ይቀነስበታል።

መምህርቷ፦

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ፣ ጋሼ። እንግሊዝኛው እንደከበደን አልክድም። ግን ቁም ነገሩ የቱ፣ ማብራሪያው የቱ እንደሆነ ለይተን እንድንይዝ ማንም አላሳየንም። ስክሪኑ ላይ የመጣውን ሁሉ ለመገልበጥ ስንሮጥ ድምፁ ያልፈናል። ድምፁን እንያዝ ስንል ጽሑፉ ይጠፋል። ያልገባንን ነጥለን ለመምህሩ መጠየቅ እንኳ አንችልም ነበር፣ የቱ እንዳልገባን አናውቅማ! ይሄ የሚማሩት ነገር ነው።

ከንባብ ቀነስሽ ያሉት ላይ በጣም ነው የምለይዎት። ጎፍና ታንመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አስቀምጠዋል። አንብቦ መረዳት ፊደል የመፍታት ችሎታና በጆሮ የመጣን ቋንቋ የመረዳት ችሎታ ሲባዙ የሚገኝ ውጤት ነው። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። ፊደሉን እናስተምር፣ ይደገም፣ ይሰለስ። ግን በጆሮው ሲነገረው ያልገባውን ታሪክ ልጁ ፊደል ስለቆጠረ ብቻ አይረዳውም። ፊደል ገና ያልያዘው ልጅ ደግሞ ረጅም ዓረፍተ ነገርና አዲስ ቃል የሚያገኘው ከየት ነው? ከጆሮው ነው። እውቀት ያንሳቸዋል ላሉኝም መልሴ ይኸው ነው። ስለ ከሰል ጭስ ያልሰማ ልጅ፣ ያን ቀን ምንባቡን በትክክል ቢሰማ ኖሮ ያውቅ ነበር።

ዜማ ቤትን ያስቡ። መምህሩ ይመራሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ሲስት እዚያው ይታረማል፣ እስኪይዘው ይመላለሳል። ጆሮ በልምምድ እንደሚሰላ ሊቃውንቱ ከእኛ በፊት ያውቁ ነበር።

መምህሩ፦

የዜማ ቤቱ መምህር ተማሪያቸውን አንድ በአንድ ነው የሚሰሙት። አንቺ 60 ልጅ ይዘሻል። ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲነጋገሩ ማድረግሽ ግን መልካም ነው፣ እኔም ፊዚክስ ላይ ብሞክረው ደስ ይለኝ ነበር። እንግዲህ በየትምህርቱ ውስጥ ይግባ፣ ሁሉም መምህር ይሥራበት። የራሱ ክፍለ ጊዜና ማርክ ለምን? ማርክ ያለበት ቦታ የጥያቄ ወረቀት ይመጣል፣ ወረቀቱ በመጣ በዓመቱ ትምህርቱ ወረቀቱን መሸምደድ ይሆናል። ስንት ጊዜ አየነው!

መምህርቷ፦

ሁሉም መምህር ይሥራበት የተባለውን ማንም እንደማይሠራው እርስዎም ያውቁታል። ሮስተር ላይ ቦታ የሌለው ነገር ዓርብ ከሰዓት ይዘለላል። ማርክ የምጠይቀው ከልጆቹ ይልቅ ለእኛ ለመምህራን ነው። ሚኒስትሪ ውስጥ ይግባም አላልኩም። ከተከታታይ ምዘናው አምስት ማርክ ትበቃኛለች። ለዝምታ የሚሰጥ ማርክ የለም። የሰማውን ለጓደኛው ሲነግር ምን ጨመረ፣ ምን አጎደለ? ያልገባውን ነጥሎ ጠየቀ? «ለምን?» ያለው ልጅ ማርክ የሚያገኘው እዚህ ነው።

ጆሮው የሚያመውን ልጅ ያነሱት ለእርስዎ ሐሳብ ማስረጃ ይሆናል ብለው ነው። እኔ ደግሞ ለዚህ ትምህርት የምታገልበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ከሰሌዳ እየገለበጠ፣ ከጎረቤቱ እያየ ዓመቱን ሊጨርስ ይችላል። ደብተሩ ሙሉ ነው፣ ማን ይጠረጥረዋል? ሰሌዳው ባዶ ሆኖ በቃል ብቻ ስንሠራ ግን ለጓደኛው የሚነግረው ያጣል። ሁለተኛ ሳነብም ያጣል። ያኔ ፊት ለፊቴ አስቀምጠዋለሁ፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳ አዙሬ መናገር አቆማለሁ፣ ወላጁንም ጠርቼ ጤና ጣቢያ ውሰዱት እላለሁ።