ተደግሶ የቀረው ሰርግ፦ ሃፍ-ላይፍ በድሪምካስት

የጥሪ ካርዱ ተበትኗል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ሰርጉ ግን ቀረ። ድሪምካስት ለተባለው የሴጋ ኩባንያ የጌም ማሽን ሊወጣ የነበረው የሃፍ-ላይፍ ጌም ዕጣ ይኸው ነው። አጨዋወቱን የሚያስረዳ መጽሐፍ ሳይቀር ታትሞለት ነበር። ጌሙ ግን ሱቅ ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2001 ተሰረዘ።

ለማያስታውስ ሰው፣ ሃፍ-ላይፍ የቫልቭ ኩባንያ የመጀመሪያ ጌም ነው። ለኮምፒውተር የወጣው በኖቬምበር 1998 ነው። ካውንተር-ስትራይክን የምታውቁ ልጆች እናቱን ታውቋታላችሁ ማለት ነው፤ አድናቂዎች የሠሩት ከዚሁ ጌም ላይ ተነስተው ነው። የሴጋ ድሪምካስትም ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው በዚያው ወር፣ በስምንት ቀን ልዩነት ነው። እኩዮች ናቸው።

አሳታሚው ሲየራ ጌሙን ወደ ድሪምካስት ሊያመጣው ሲነሳ ዝም ብሎ ኮፒ አላደረገም። ጊርቦክስ የተባለው ስቱዲዮ ብሉ ሺፍት የሚል አዲስ ታሪክ ጨመረበት። እኔ የምወደው እዚህ ጋ ነው። ዋናው ጌም ሲጀምር ጎርደን ፍሪማን ሆናችሁ በባቡር ታልፋላችሁ፤ አንድ ጥበቃ የተዘጋ በር ሲያንኳኳ በመስኮት ታዩታላችሁ። ታልፉታላችሁ፣ አለቀ። በብሉ ሺፍት ደግሞ ያ ጥበቃ እናንተ ናችሁ። ስሙ ባርኒ ነው። በእሱ ባቡር ተቀምጣችሁ ጎርደን በራሱ ባቡር ሲያልፍ ታዩታላችሁ። በዚህ ላይ ሰዎቹና መሣሪያዎቹ በአዲስ መልክ ተሠርተው ነበር።

ይህ ሁሉ ተለፍቶበት ሲየራ የሰጠው ምክንያት "የገበያው ሁኔታ ተለወጠ" የሚል ነበር። እርግጥ ነው፣ ተለውጦ ነበር። ሴጋ በጃንዋሪ 2001 ድሪምካስትን ማምረት እንደሚያቆም አሳውቋል። ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ ገበያውን እየጠቀለለው ነበር። የሂሳብ ሰው "የወጣው ብር ወጥቷል፤ ሌላ ብር ለምን እጨምራለሁ?" ቢል አይፈረድበትም።

እኔ ግን አልዋጥልህ ያለኝ አንድ ነገር አለ። በዚያው በጁን ወር ሴጋ ራሱ ሶኒክ አድቬንቸር 2ን ለድሪምካስት አወጣ። እስከዚያ ጊዜ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ድሪምካስት ሰው እጅ ገብቷል። ማምረት ቆመ ማለት ቤት ያለው ዕቃ ተሰበረ ማለት አይደለም። ያ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ድሪምካስቱን ሰክቶ አዲስ ጌም እየጠበቀ ነው። ግማሽ ላይ የቆመ ሥራ ሲሰረዝ ይገባኛል። ሊያልቅ ደርሶ፣ መጽሐፍ የታተመለት ሲሰረዝ ግን ፍርሃት እንጂ ሂሳብ አይመስለኝም።

ደግሞ ሥራው ዋጋ እንዳለው ሲየራም ያውቅ ነበር። ብሉ ሺፍት በዚያው ወር ለብቻው ለኮምፒውተር ወጣ፣ አዲሶቹን መልኮች አብሮ ይዞ። ሃፍ-ላይፍ ራሱ በዓመቱ መጨረሻ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ገባ። ባዶ እጁን የቀረው የድሪምካስቱ ልጅ ብቻ ነው።

ሊያልቅ የደረሰ አንድ ቅጂ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ሾልኮ ወጣ። እውነቱን ለመናገር እንከን የለሽ አይደለም። ከክፍል ወደ ክፍል ስታልፉ ሎዲንጉ ያሰለቻል። ሴቭ ስታደርጉ ፋይሉ እየወፈረ ሄዶ፣ ጆይስቲኩ ላይ የምትሰካውን ባለ 200 ብሎክ ሚጢጢ ሜሞሪ ካርድ ይውጣታል። ቢሆንም ያስኬዳል፣ ያዝናናል። ኪቦርድና ማውስ ሰክቶ መጫወትም ይቻላል።

የሚገርመው ቅጂው የሚሠራበት መንገድ ነው። አብዛኞቹ ድሪምካስቶች ሳይነካኩ፣ ሳይፈቱ፣ ቤት ውስጥ ራይት የተደረገ ሲዲ ያነባሉ። ሴጋን ለሌባ አጋለጠው ተብሎ ስንት የተወራበት ቀዳዳ ነው። ቀድሞ ብሩን ቆጥሮ ሊገዛ የተዘጋጀው ሰው በመጨረሻ ጌሙን ያገኘው በዚሁ ቀዳዳ ነው፤ በባዶ ሲዲ ዋጋ። ከዚያ ላይ ለሲየራ የደረሰው አምስት ሳንቲም የለም።