ኮድ ረከሰ፣ አንባቢው ግን አልበዛም

ስለ ፕሮግራመሮች የሚደረገው ክርክር ከሞላ ጎደል አንድ ጥያቄ ላይ ተቸክሏል፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሥራቸውን ይነጥቃቸዋል ወይስ አይነጥቃቸውም? ጥያቄው ስለሚያስፈራ ይነበባል። በየቡድኑ በየቀኑ የሚታየው ለውጥ ግን ሌላ ነው። ኮድ መጻፍ ረክሷል። ኮዱን አንብቦ፣ ተረድቶ፣ «ለዚህ እኔ እጠየቃለሁ» ብሎ ማሳለፍ ግን እንደ ድሮው ውድ ነው፤ እንዲያውም ብሷል። የሙያው ባህል እየተናጋ ያለው በዚህ ክፍተት ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ጊትሃብ ኮፓይለት የተባለው ኮድ ጠቋሚ መሣሪያ ለሙከራ ሲቀርብ ዋና ሥራው የተጀመረ መስመርን ወይም ፈንክሽንን (አንድ ተግባር የሚፈጽም የኮድ ክፍልን) መጨረስ ነበር። ጥቆማውን የሚቀበለውም የሚጥለውም ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠው ሰው ስለነበር ጻፊና አንባቢ አልተለያዩም። የዛሬዎቹ ኤጀንቶች (ሥራ ተሰጥቷቸው በራሳቸው የሚሠሩ የኤአይ ፕሮግራሞች) ፋይል ይከፍታሉ፣ ትእዛዝ ያስኬዳሉ፣ ቴስት (ኮዱን የሚፈትን ኮድ) ይጽፋሉ፣ ሲወድቅባቸው ያርማሉ፣ በመጨረሻም በርካታ ፋይል የነካ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ወደ ዋናው ኮድ እንዲገባ የሚቀርብ ጥያቄ) ከፍተው ይጠብቃሉ። ሪቪው ማለት አንዱ ያሰበበትን ሌላው መመርመር ነበር። አሁን ግን ኮዱን ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ የሚያየው ሰው ሪቪው እንዲያደርግ የተጠየቀው ባልደረባ የሚሆንበት ጊዜ እየበዛ ነው። የአንዱ ፍጥነት የሌላው ዕዳ ይሆናል።

ፍጥነቱም ቢሆን እንደሚወራው ቀጥተኛ አይደለም። ሜትር (METR) የተባለው የምርምር ድርጅት በ2025 ባወጣው ጥናት 16 ልምድ ያላቸው ገንቢዎች ለዓመታት በሚያውቋቸው የኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክቶች ላይ 246 ሥራዎችን ሠርተዋል። በየትኛው ሥራ የኤአይ መሣሪያ ይፈቀድ፣ በየትኛው ይከልከል የሚለው የተወሰነው በዕጣ ነው። ከመጀመራቸው በፊት 24 በመቶ እንፈጥናለን ብለው ገመቱ፤ ከጨረሱ በኋላም 20 በመቶ እንደፈጠኑ ተሰምቷቸው ነበር። ሰዓቱ ግን 19 በመቶ እንደዘገዩ አሳየ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተጠቀሙባቸው መሣሪያዎችም በ2025 መጀመሪያ የነበሩት ናቸው፤ ስለዚህ «ኤአይ ያዘገያል» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ከቁጥሮቹ ውስጥ የሚያሳስበው በስሜቱና በሰዓቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። መጻፉ ስላልደከመን ጊዜ የቆጠብን ይመስለናል፤ በመጠበቅ፣ በማንበብና በማረም ያለፈውን ደቂቃ ማንም አይመዘግብም። ስለ ሶፍትዌር ቡድኖች አሠራር የሚወጣው የጉግል የዶራ ሪፖርትም በ2024 የኤአይ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር የሥርዓቶች መረጋጋት እንደሚቀንስ ገልጾ ነበር። የ2025ቱ ሪፖርት በሥራ ፍሰት በኩል መሻሻል አሳይቷል፤ የመረጋጋቱ ችግር ግን እንዳለ ነው።

መረጋጋቱ ለምን ይቀንሳል? ከአጠቃላይ ወሬ ይልቅ አንድ ኮድ ገልጦ ማየት ይሻላል።

«ከደንበኛ ሂሳብ ላይ ገንዘብ የሚቀንስ ፈንክሽን ጻፍ» ተብሎ የታዘዘ የኤአይ ሞዴል ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ንጹሕ ኮድ ነው፦ ቀሪ ሂሳቡን ከዳታቤዝ ያነባል፣ በቂ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ይቀንሳል፣ ያስቀምጣል። ስሞቹ ያምራሉ፣ ኮሜንቱ ተሟልቷል። አሁን ሁለት የክፍያ ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት ይምጡ። ሂሳቡ ላይ 500 አለ፤ ሁለቱም 400 ይጠይቃሉ። ሁለቱም 500 ያነባሉ፣ ሁለቱም በቂ ነው ይላሉ፣ ሁለቱም 100 ብለው ይጽፋሉ። 800 ወጥቷል፣ መዝገቡ ግን 100 ቀሪ አለ ይላል። ምንም ኤረር አይወጣም፤ ሎጉ (የፕሮግራሙ የክንውን መዝገብ) ጸጥ ያለ ነው። ጉድለቱ የሚታወቀው ሂሳብ ሲታረቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የትኛው ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) እንዳመጣው መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

«ትራንዛክሽን ውስጥ አስገባው» የሚለው የተለመደ ምክር (እርምጃዎቹ ወይ አብረው እንዲጸኑ ወይ አብረው እንዲሰረዙ ማድረግ) ብቻውን አያድንም። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ በነባሪ የሚጠቀምበት የአይሶሌሽን ደረጃ (ትራንዛክሽኖች እርስ በርስ የሚነጠሉበት መጠን) ይህን ዓይነቱን ግጭት አይከለክልም። የሚሠሩት መፍትሔዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ማረጋገጡንና መቀነሱን በአንድ የአፕዴት ትእዛዝ ማድረግ ነው፤ «ቀሪው ከሚቀነሰው ካላነሰ» የሚለው ሁኔታ እዚያው ትእዛዙ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ስንት ረድፍ እንደተለወጠ ይታያል፣ ዜሮ ከሆነ ጥያቄው ውድቅ ይደረጋል። ሁለተኛው በትራንዛክሽኑ ውስጥ ረድፉን ከማንበብ ጋር መቆለፍ ነው። ሦስተኛው ጥብቁን የአይሶሌሽን ደረጃ መምረጥ ነው፤ ይህን የመረጠ ግን ዳታቤዙ ግጭት አይቶ ትራንዛክሽኑን ሲመልሰው ከመጀመሪያው እንደገና የሚሞክር ኮድ መጻፍ አለበት።

ሞዴሉ ይህን አያውቅም ማለት አይደለም። ብትጠይቁት ሦስቱንም ዘርዝሮ ያስረዳል። ግን ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ሊመጡ እንደሚችሉ ከፊቱ ያለው ፋይል አይነግረውም። የሞባይል መተግበሪያው ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ እንደሚልክ የሚያውቀው ቡድኑ ነው። ዴንማርካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ፒተር ናውር በ1985 የተከራከረው ይህንኑ ነበር፦ ፕሮግራም ማለት በገንቢዎቹ አእምሮ ውስጥ ያለው ግንዛቤ ነው፣ ኮዱ የዚያ ግንዛቤ ቅሪት ነው። ግንዛቤው ሳይፈጠር ኮዱ ብቻ ሲበዛ ምን እንደሚሆን አሁን እያየን ነው።

ተመሳሳይ ወጥመድ «ጠንካራ አድርገው» ሲባልም አለ። ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ካልተመለሰ ሦስት ጊዜ እንዲሞክር ያደርጋል። ታይምአውት (መልስ የመጠበቂያ ጊዜ ማለፍ) ግን «አልተፈጸመም» ማለት አይደለም፤ ክፍያው ተፈጽሞ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ክፍያ ልዩ መለያ ቁልፍ ተሰጥቶ፣ ቁልፉ ከክፍያው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን ተመዝግቦ፣ እንዳይደገምም በዳታቤዙ ካልታገደ በቀር ሦስት ሙከራ ሦስት ክፍያ ሊሆን ይችላል።

«ቴስት አለን» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አያጽናናም። ኮዱን የጻፈው ኤጀንት ቴስቱንም ከጻፈ፣ ቴስቱ የሚያረጋግጠው ኮዱ የሚያደርገውን እንጂ ማድረግ ያለበትን አይደለም። ከላይ ያለው ፈንክሽን አንድ በአንድ በሚልክ ቴስት ሁሉ ያልፋል። የሚያዋጣው የፈተናዎቹን ዝርዝር ሰው አስቀድሞ መጻፉ ነው፦ ባዶ ግብዓት፣ አሉታዊ ቁጥር፣ እኩል ቀሪ፣ የተደገመ ጥያቄ፣ በአንድ ጊዜ የተላኩ 50 ጥያቄዎች፤ የመጨረሻው በአስመሳይ ሳይሆን በእውነተኛ ዳታቤዝ ላይ። ከዚያ ኮዱን ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» የሚለውን «ይበልጣል» ብላችሁ ለውጡት። የሚወድቅ ቴስት ከሌለ ቴስቶቹ ጌጥ ናቸው። ኤጀንት ቴስት አሳልፍ ሲባል የሚጠበቀውን ውጤት ወደ ተሳሳተው ሊቀይር፣ የሚያስቸግረውን ቴስት እንዲታለፍ ሊያደርግ፣ ኤክሴፕሽኑንም (የስህተት ምልክቱን) ይዞ ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ለውጡን ስታነቡ ከቴስት ፋይሎቹ ጀምሩ፤ የጠፋ ማረጋገጫ ካለ ቀሪውን ከማንበባችሁ በፊት መልሱት።

የሰው ዓይን ወሰን አለው። ስማርትቤር የተባለው ኩባንያ በሲስኮ ባደረገው የሪቪው ጥናት መሠረት በአንድ ጊዜ ሊነበብ የሚገባው ከ200 እስከ 400 መስመር ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ስህተት የማግኘት ችሎታ ይወርዳል። ኤጀንት 2,000 መስመር በደቂቃዎች ሲያመጣ አንባቢው ወይ ቀኑን ሙሉ ይሰጠዋል፣ ወይ «ጥሩ ይመስላል» ብሎ ያሳልፈዋል። ሁለተኛው እንደሚበዛ ማንም ያውቃል። እኔ የምደግፈው ደንብ ቀላል ነው፦ ከ400 መስመር የበለጠ ፑል ሪኩዌስት ሳይነበብ ይመለስ፤ ላኪው ማሽኑን ያዘዘበትን ሐሳብ፣ የተዋቸውን አማራጮችና ራሱ ያረጋገጠበትን መንገድ በራሱ ቃል ይጻፍ፤ ስለ የትኛውም መስመር «ለምን?» ሲባል «ኤአይ ነው የጻፈው» የሚለው መልስ አይቆጠር። መግለጫውንም በማሽን አስጽፎ የሚልክ አለ። እሱስ ግልጽ ንቀት ነው፤ ላኪው ለመጻፍ ያልተቸገረበትን ሌላው ለማንበብ እንዲቸገር መጠየቅ ነው።

ይህ ንቀት የት እንደሚያደርስ ኦፕን ሶርስ አስቀድሞ አይቶታል። ከርል የተባለው የዳታ ማስተላለፊያ መሣሪያ ፕሮጀክት መሪ ዳንኤል ስቴንበርግ በ2025 በማሽን የተፈበረኩ የደህንነት ጥቆማዎች ቡድኑን እያደከሙት መሆኑን በተደጋጋሚ ተናግሯል። ጥቆማዎቹ በደንብ የተጻፉ ናቸው፤ የሚጠቅሱት ፈንክሽን አንዳንዴ ጭራሽ የለም። አንድ የውሸት ጥቆማ ለማመንጨት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፣ ውሸት መሆኑን ለማረጋገጥ ግን የብዙ ሰዎች ሰዓት ያልቃል። ፕሮጀክቱ ለጥቆማ ገንዘብ መክፈሉን በ2026 መጀመሪያ አቆመ። ጀንቱና ኔትቢኤስዲ የተባሉት የኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮጀክቶች ደግሞ በ2024 በማሽን የተጻፈ ኮድን ከልክለዋል፤ ኔትቢኤስዲ የከለከለው ያለ ቅድመ ፈቃድ እንዳይገባ ነው።

ሆኖም የከርል ታሪክ ሌላ ገጽ አለው፤ ክልከላ ብቻ መፍትሔ ነው የሚሉ ሰዎች ይዘሉታል። በዚያው በ2025 አንድ የደህንነት ተመራማሪ በኤአይ የታገዙ የኮድ መመርመሪያዎች ተጠቅሞ ረጅም የችግሮች ዝርዝር ላከ፤ ስቴንበርግ አመስግኖ ተቀበለው፣ በዚያም ምክንያት 50 ገደማ እርማቶች ገቡ። ቴክኖሎጂው በመሠረቱ ያው ነው። ልዩነቱ ከማሽኑ ውጤትና ከፕሮጀክቱ በር መካከል ነገሩን የሚያውቅ ሰው መቆሙ ነው።

ሌላው ቀዳዳ ላይብረሪ፣ ማለትም ከሌሎች ተወስዶ የሚገባ ዝግጁ ኮድ (ፓኬጅ) ነው። 16 ሞዴሎችንና 576,000 የኮድ ናሙናዎችን የመረመረ፣ በ2025 የቀረበ ጥናት እንዳሳየው ሞዴሎቹ ከጠቀሷቸው ፓኬጆች 20 በመቶ የሚጠጉት በዓለም ላይ የሉም። ለንግድ የሚቀርቡት ሞዴሎች በ5 በመቶ አካባቢ ሲሳሳቱ ሌሎቹ ከ20 በመቶ አልፈዋል። የባሰው ነገር፣ ብዙዎቹ የፈጠራ ስሞች ጥያቄው ሲደገም ተመልሰው ይመጣሉ። አጥቂ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ስሙን ቀድሞ ያስመዘግብና ተንኮል አዘል ኮድ ጭኖ ይጠብቃል። መከላከያው አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። አዲስ ፓኬጅ ለብቻው በተለየ ፑል ሪኩዌስት ይግባ፤ መቼ እንደተመዘገበ፣ ምንጭ ኮዱ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚጠብቀው ይታይ፤ የሎክ ፋይል (የፓኬጆቹን ትክክለኛ እትም የሚመዘግበው ፋይል) ለውጥም ይነበብ። ኤጀንቱ ራሱ ፓኬጅ የመጫን ፈቃድ አይኑረው፤ ፓኬጆች ገና ሲጫኑ ስክሪፕት ሊያስኬዱ ስለሚችሉ ከተጫነ በኋላ ማንበብ ረፍዷል።

ስለ ፈቃድ ከተነሳ፣ ኤጀንት የፕሮዳክሽን (ተጠቃሚዎች የሚገለገሉበት) ዳታቤዝ የይለፍ ቃል በፍጹም ሊሰጠው አይገባም። በኮንቴይነር (ከቀረው ሥርዓት በተነጠለ ክፍል) ውስጥ፣ በሙከራ ዳታ፣ ኢንተርኔቱ በተፈቀዱ አድራሻዎች ብቻ ተወስኖ ይሥራ። የሚያነበው ገጽ ወይም የባግ (የስህተት) ሪፖርት ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝን ከባለቤቱ ትእዛዝ ለይቶ ለማወቅ አስተማማኝ ዘዴ እስካሁን የለውም። ምስጢር ማየት፣ ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ማንበብና ወደ ውጭ መላክ፣ ሦስቱ በአንድ ኤጀንት ላይ ከተገናኙ መረጃው እንዲወጣ በሩ ክፍት ነው።

ጀማሪዎችን በተመለከተ «ጁኒየር አያስፈልገንም» የሚሉ አስተዳዳሪዎች የሚረሱት ሲኒየር ከየት እንደሚመጣ ነው። በመጋቢት 2024 ፕሮግራመሩ አንድሬስ ፍሮይንድ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ላይብረሪ የተደበቀውን የጀርባ በር (ሚስጥራዊ መግቢያ) ያገኘው በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር በሚገባበት መንገድ) መግባቱ ግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱ ስላልዋጠለት ነው። ለግማሽ ሰከንድ የማይተኛ ሰው የሚፈጠረው ዓመታት ኤረር ሲያሳድድ ነው፤ የወደቀውን ሁሉ ለማሽን እየለጠፈ የሚያልፍ ጀማሪ ያን ልምድ አያገኝም። ስለዚህ ጀማሪ ባጉን መጀመሪያ ራሱ ይድገመው፣ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል በአንድ አረፍተ ነገር ይጻፍ፣ ከዚያ ማሽኑን ይጠይቅ፤ ግምቱ ከመልሱ የተለየበት ቦታ ትምህርቱ ነው። ሲኒየሩም ሪቪው ላይ መልሱን ጽፎ ከመስጠት «ይህ መስመር ሁለት ጊዜ ቢጠራ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው ግን የመለኪያው ነገር ነው። ከኮዱ ስንት በመቶው በኤአይ እንደተጻፈ የሚቆጥር ድርጅት የሚያገኘው ብዙ ኮድ ነው፤ የጠየቀው እሱን ነውና። ሌሎች ቁጥሮች በእጁ አሉ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከኮድ ማከማቻውና ከሪሊዝ (ከወጡ እትሞች) መዝገብ ይወጣሉ፦ ፑል ሪኩዌስት የመጀመሪያ አንባቢ እስኪያገኝ ስንት ሰዓት ጠበቀ፣ ከወጡት ለውጦች ስንቱ ተመለሱ፣ ከገባው ኮድ ስንቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ተጻፈ፣ አደጋ ሲደርስ የተበላሸውን ክፍል ያለ ማሽን ማስረዳት የሚችሉ ስንት ሰዎች አሉ። የመጨረሻው ብቻ ከመዝገብ አይገኝም፤ ሰዎቹን መጠየቅ ይፈልጋል።