ሥራስ አልጠፋም
«በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደሴ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች ስትያዝ ሥራ የሚባል ነገር ጠፋ» የሚለው አይዋጥልኝም። የጠፋው ብር ነው፣ ሥራማ ነበር። እዚያው ደሴ፣ ሸዋ በር ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ባንክ ተዘግቶ መብራትና ስልክ ሲቋረጥ የኤሌክትሪኩ መኪናዬ ዝም አለ፤ የአባቴን የእግር ሲንጀር ከጓዳ ጎትቼ አወጣሁ። አሮጌ ብርድ ልብስ እየቀደድኩ ለጎረቤት ልጆች ካፖርት ሰፋሁ (የኅዳርን የደሴ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል)። ክፍያው አንድ ጣሳ ስንዴ፣ ሲከፋም ትንሽ ከሰል። የሰፈራችን ወፍጮ ደግሞ በመብራት የሚሠራ! ስለዚህ ንፍሮ ጠዋት፣ ንፍሮ ማታ። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ እንጀራ መቼ ነው?» ስትለኝ «ነገ» እላታለሁ፤ ያ «ነገ» ከወር በላይ ፈጀ። «ለምን በኮምቦልቻ አድርጋችሁ አልወጣችሁም?» ብለህ የጠየቅከኝ ወንድሜ፣ ኮምቦልቻም እኮ በዚያው ሰሞን ነው የተያዘችው። ደግሞስ የአልጋ ቁራኛ እናቴን አዝዬ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በእግሬ ልውረድ? ከወልድያና ከቆቦ ተፈናቅለው ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የተጠለሉት ሰዎች ፍራሻቸውን ጠቅልለው ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰደዱ በሱቄ ደጃፍ ነው ያለፉት። አንዱ አባት የልጁን የተቀደደ ማዘያ እንድሰፋለት ቆመ፣ ሒሳብ አልተቀበልኩትም።