ይድረስ ለክቡር ምስቅልቅል

ጉዳዩ፦ ቁልፍ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ቁልፌን ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ።

ዛሬ ጠዋት መሳቢያዬን ስከፍት ነው ትዝ ያሉኝ። መሳቢያው እስከ ግማሹ መጥቶ ቀጥ አለ። እጄን አሾልኬ ስጎትት የስልክ ቻርጀር ወጣ። ቻርጀሩ የጆሮ ማዳመጫ አስከተለ። ማዳመጫው ደግሞ የሌላ ቻርጀር ገመድ አንጠልጥሎ መጣ። ከሥር ክዳን የሌለው እስክሪብቶና እስክሪብቶ የሌለው ክዳን ተኝተዋል። (ሞከርኳቸው። አይገጥሙም።) በጎን ጽሑፉ የጠፋ ደረሰኝ፣ እንዲሁም «በጣም አስፈላጊ» የሚል የተጻፈበት ባዶ ፖስታ። ቁልፍ ግን የለም።

ቁልፍ የጠፋበት ሰው የት ይሄዳል? ቁጭ ብዬ ስለ ስምዎ አሰብኩ።

ስምዎ የ«መስቀል» ዘመድ ነው። አንዱን እንጨት በሌላው ላይ አግድም ሲያስቀምጡት «አመሳቀለ» ይባላል። ይኸው ሲደጋገም «አመሰቃቀለ» ይሆናል። እርስዎም ከዚያ ተወለዱ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ቢመሳቀል መስቀለኛ መንገድ ነው፤ ሲበዛ የኔ ቻርጀር ነው።

ወንድሞችዎንም አየኋቸው። ዝብርቅርቅ፣ ዝርክርክ፣ ትርምስምስ። ሁላችሁም ጅራታችሁ ሁለት ሁለት ነው፦ ቅልቅል፣ ርቅርቅ፣ ርክርክ፣ ምስምስ። አፍ የተጠላለፈበት ሰው ያወጣላችሁ ስም ይመስላል። ፊደሎቹን ግን አንድ በአንድ ይቁጠሩልኝ። ሁሉም ሳድስ ናቸው! አንድ ግዕዝ፣ አንድ ካዕብ እንኳ መሃላቸው አልገባም። እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። የአጎትዎ ልጅ ውጥንቅጥም እንደዚያው ነው። የኔን ዕቃ እንዲህ አተራምሳችሁ የራሳችሁን ስም ማስተካከል ምን የሚሉት ነው?

የቢሮ ስምዎ ይባስ። «ሥርዓት አልበኝነት»! «ሥርዓት» ከግዕዙ «ሠርዐ» የመጣ ነው፤ አሰናዳ፣ ደነገገ ማለት ነው። «አልቦ» ደግሞ «የለም» ነው። የማዕረግ ስምዎ ሳይቀር በሥርዓት ይጀምራል ማለት ነው። ሥርዓት ባይኖርማ ኖሮ እርስዎ ምኑን አፍርሰው ይበሉ ነበር?

ግሪክ አገር ያለው ዘመድዎ ካኦስ በመጀመሪያ ትርምስ አልነበረም። አፉን የከፈተ ባዶ ገደል እንደማለት ነበር። ባለቅኔው ሄሲዮድ ከሁሉ በፊት የነበረ እርሱ ነው ይላል። ባዶ! መሳቢያዬ ባዶ ቢሆንማ ምን ቸገረኝ። በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ቫን ሄልሞንት የሚባል ኬሚስት «ጋዝ» የሚለውን ቃል ያበጀው ከዚሁ ካኦስ ነው። ታዲያ ቁልፌ ተንኖ ይሆን እንዴ?

ክቡርነትዎ፣ ብዙ አላስቸግርዎትም። ቁልፉን ይመልሱልኝና ሁለቱንም ቻርጀር ይውሰዱ። ከሁለቱ አንዱ አይሠራም፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከሠላምታ ጋር
መሳቢያው አልዘጋ ያለው ሰው

ግልባጭ፦
ለፋይል (ፋይሉ ከተገኘ)