ማስተካከያ፦ የስበት ሞገድ ብቻውን የጽንፈ ዓለምን መስፋት አይለካም

ስለ ጽንፈ ዓለም የመስፋት ፍጥነት ባቀረብነው ጽሑፍ «የስበት ሞገድ ፍጥነቱን በቀጥታ ለካ፤ ክርክሩም ተቋጨ» ብለን ነበር። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

የስበት ሞገድ ግዙፍ አካላት ሲዋሐዱ በኅዋ የሚሰራጭ ንዝረት ነው፤ የሚነግረንም ርቀትን ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017 ላይጎና ቪርጎ የተባሉት የስበት ሞገድ መመዝገቢያዎች የሁለት ኒውትሮን ኮከቦችን (እጅግ የታመቁ የሞቱ ኮከቦች ቅሪቶችን) ውሕደት ሲመዘግቡ፣ ርቀቱ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ መሆኑ ከሞገዱ ታወቀ። የመራቅ ፍጥነቱ ግን የተገኘው ውሕደቱ ከተከሰተበት ጋላክሲ፣ ከኤንጂሲ 4993፣ ብርሃን ነው፤ ብርሃኑ ምን ያህል ወደ ቀይ እንዳዘነበለ ተለክቶ። ሁለቱ ሲጣመሩ ውጤቱ ለአንድ ሜጋፓርሴክ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ) በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ትልቁ ጥፋታችን ይህን 70 ብቻውን መጻፋችን ነው። የስሕተት ወሰኑ ከ62 እስከ 82 ይደርሳል። የጽንፈ ዓለምን የጥንት ብርሃን ከመረመረው ከፕላንክ ሳተላይት መረጃ የተሰላው 67 ገደማም፣ ርቀታቸው ከድምቀታቸው በሚታወቅ በሴፊድ ኮከቦችና በሱፐርኖቫዎች (በሚፈነዱ ኮከቦች) የተለካው 73 ገደማም እዚያው ውስጥ ይወድቃሉ። ክርክሩ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ስለሆነ፣ ልኬቱ ለማንኛቸውም አልፈረደም። ወሰኑን ያሰፋው በዋናነት የጥንዶቹ ምሕዋር ወደ እኛ ያጋደለበት ማዕዘን በትክክል አለመታወቁ ነው፤ ምሕዋሩ ፊት ለፊት ሲታይ ሞገዱ ስለሚበረታ፣ ሩቁ ቅርብ ሊመስል ይችላል።

ብርሃን ባልታየባቸው የጥቁር ጉድጓዶች ውሕደቶች ደግሞ አንዱን ጋላክሲ መለየት ስለማይቻል፣ በዚያ የሰማይ ክፍል የተመዘገቡት ጋላክሲዎች በሙሉ በስታቲስቲክስ ይመዘናሉ።