ወንድ አስተማሪ ለኤክስፖርት

ባለፈው ሰሞን ደሴ ውስጥ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አጀንዳው የሚያፈስ ጣሪያ ነው። አንድ ወላጅ እጁን አወጣ። ስለ ጣሪያው መስሎን ጆሮ ሰጠነው። «ጣሊያን ውስጥ ከመቶ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ወንዱ 5 ገደማ ብቻ ነው። እኛ ጋ ግን ከግማሽ በላይ ነው!» ብሎ ተቀመጠ። ተጨበጨበለት። ጣሪያው ለሌላ ቀን ተላለፈ።

እንዲህ ዓይነቱን ሰው የማያውቅ ወሎዬ የለም። እነሱ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ሠርግ ላይ አሉ፣ ለቅሶ ላይ አሉ። አቦል ሳይቀዳ አገር ካገር አስተያይተው ይጨርሳሉ። ስልካቸው ላይ አንድ ቁጥር ካዩ ይበቃቸዋል። ማን ተቆጠረ ብሎ መጠየቅ የምቀኛ ሥራ ነው። አንዱ የኛን ወንድ አስተማሪ ከራሽያው ያስተያያል። ራሽያ አንደኛ ደረጃ የምትለው 4 ክፍል ብቻ ቢሆን፣ እኛ ከ1986ቱ ፖሊሲ ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜ 8ኛን ጨምረን ብንቆጥር ምን ቸገራቸው? የ7ኛ ክፍሉን ፊዚክስ መምህር ከሞስኮዋ ፊደል አስቆጣሪ ጎን ያሰልፉታል። ሌላው ደግሞ «አይስላንድን በወንድ አስተማሪ ቁጥር አስከንድተናታል» ይላል። ሕዝቧ በሙሉ 400 ሺህ ገደማ ነው እኮ፣ ወዳጄ።

እስቲ እኔም ላግዛቸው። እኛ ወንድ ተርፎናል፣ ጣሊያን ጎድሏታል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አለ። እንጫን። ከወሎዋ ደላንታ 10 ወንድ መምህራን በጅቡቲ በኩል ናፖሊ ይውረዱ፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጠመኔያቸውን በኪሳቸው ይዘው። የናፖሊው ርእሰ መምህር ሰኞ ጠዋት «ክፍል ግቡ» ይላቸዋል። የኛ ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። «ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው? የማዳበሪያ ዕዳ የምንሰበስበው የትኛው ቀበሌ ነው? ለተፋሰስ ሥራ መቼ እንወጣለን?» ማስተማር ብቻ ነው ሲባሉ ይደነግጣሉ። አንዱማ «በቃ፣ ደመወዛችን ሊቆረጥ ነው» ብሎ እንቅልፍ ያጣል። እስከ ዓርብ የናፖሊን ሕፃናት አንድ ለአምስት አደራጅተው ጠዋት ጠዋት ያሰልፏቸዋል። ወሩ ሲያልቅ የሪፖርት ቅጽ ይጠይቃሉ፣ በ3 ኮፒ። ቅጽ የለም ሲባሉ ከኪሳቸው አውጥተው ያባዛሉ።

በምትኩ ጣሊያን 10 ሴት መምህራን ትላክልን። ደላንታ ቆላ እንመድባቸዋለን። መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግር። የሚከራይ ቤት? የለም። ውሃ? ከወንዝ። ሽንት ቤት? ከቁልቋሉ ጀርባ።

እዚህ ላይ ቀልዱ አልሆንልህ አለኝ። ሴት መምህራን ገጠር ለምን እንደማይበረክቱ ለማወቅ ራሽያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። መዝጊያ ያለው ሽንት ቤት የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ወጣት ብቻዋን እንመድባለን። ማታ በሯ ሲደበደብ ማንን እንደምትጠራ አናስብም። ዝውውር ስትጠይቅ «ሴት ገጠር አትችልም» እንላለን። ወንዱስ ቢሆን ወዶ ነው እንዴ የቆየው? ሌላ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ስላጣ ነው። የጣሊያኑ ወንድ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ የኛው አጥቶ ቀረ። እሱም መንገድ የተከፈተለት ዕለት ሳዑዲ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት ወንበሩ ሳይቀር ተዘረፈ። ዛሬም ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ባለበት አገር፣ አስተማሪው ወንድ ነው ሴት ነው እያሉ ማጨብጨብ ነውር ነው!

እሺ፣ ወደ ንግዳችን እንመለስ። ዕቃው ዝግጁ ነው፣ ገዢው ታውቋል፣ የቀረን የቀረጡ ነገር ብቻ ነው። ይህንኑ ለአንድ ባለቁጥር ብነግረው ዓይኑ በራ። ስልኩን አወጣና ኬንያ ለአንድ ወንድ አስተማሪ ስንት ታስቀርጣለች ብሎ መፈለግ ጀመረ።