እርማት፦ ሾትጋንም ማነጣጠር ይፈልጋል

ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ስር፣ የመልቲገን ውድድር (በሽጉጥ፣ በጠመንጃና ብዙ ጠጠር በአንዴ በሚተፋው ሾትጋን፣ ሰዓት እየተያዘ የሚተኮስበት) ቪዲዮ ስናይ «ሾትጋን ምን ማነጣጠር ያስፈልገዋል? ወደዚያ ካዞርከው የበር ስፋት ይሸፍናል» ብለሃል። ይህ ፊልም ያሳደገው ተረት ነው፤ ድሬ ላይ ብቻም አይደለም የሚወራው።

አፈሙዙ ጫፍ ላይ ጥበት በሌለው ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ሾትጋን፣ የእርሳስ ጠጠሮቹ በየሜትሩ የሚሰፉት በግምት ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ነው። በ10 ሜትር ላይ ክቡ የእንጀራን ግማሽ ቢያክል ነው። የበር ስፋት ከየት መጣ?

ስርጭቱን በዋናነት የሚወስነው ቾክ የሚባለው የአፈሙዝ ጫፍ ጥበት ነው፤ የጥይቱ አሠራርም ድርሻ አለው። 18.5 ሚሊሜትር የሆነው ቀዳዳ ጫፉ ላይ 1 ሚሊሜትር ገደማ ከጠበበ ፉል ቾክ ይሉታል። በዚህ ቾክ፣ በ36.5 ሜትር ርቀት፣ ከጠጠሮቹ 70 በመቶ ያህሉ 76 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ውስጥ ያርፋሉ። ጥበት ከሌለ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ተወዳዳሪዎቹ ቾክ የሚቀያይሩት ለዚህ ነው፦ ለቅርብ ኢላማ ላላ ያለ፣ ለሩቅ የብረት ኢላማ ጠበብ ያለ። ያንን ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚፈቱትን አጭር የብረት ቱቦ አይተህ «ጌጥ ነው» ያልከው እሱ ነበር።

ስለግ የሚባለው ጥይት ሲተኮስማ ወጥ እርሳስ አንድ ብቻ ነው የሚወጣው፤ እንደ ጠመንጃ ካላነጣጠርክ ኢላማውን ትስታለህ፣ ሰዓቱም ይቆጥርብሃል።

«አፈሙዙ ሲረዝም ጠጠሩን ይሰበስባል» የምትለዋም ስህተት ናት። ርዝመት በዋናነት የሚጨምረው ጥቂት ፍጥነት ነው።